ስለ አንዲት መምህርት ስምና ስለ ብዕራችን ስሕተት

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና አጠባበቅ ብዙ መልካም ምክር ሲጻፍ አንብበናል። እኛ ዛሬ የምናቀርበው ግን ምክር ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ነገሩ በገዛ ቤታችን የሠራነውን አንድ ጥፋት የሚመለከት ስለ ሆነ፣ ከመጻፋችን አስቀድመን ጉዳዩ የሚነካቸውን ሰው ፈቃድ ጠይቀን ተፈቅዶልናል።

እንጀራችን የፍርድ ቤት ጸሓፊነት ነው። ከ20 ዓመት በላይ የተከራካሪዎችንና የምስክሮችን ቃል ስንጽፍ ኖረናል። የሥራችን ሕግ አጭር ነው፤ ምስክሩ የተናገረውን እንጽፋለን፤ የጻፍነውን እናነብለታለን፤ ቃሉ መሆኑን ሲያምን በስሙ ይፈርማል። የእጅ ጽሕፈታችን ቢያምር፣ ዓረፍተ ነገሩን ብናቃናለት እንኳ ቃሉ የምስክሩ ነው፤ የእኛ አይደለም። በምስክሩ ስፍራ ጸሓፊው ቢፈርም የሚሰጠውን ስም አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ሕግ በችሎት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳንስት ጠብቀን፣ በቤታችን ውስጥ ግን ሳትነው።

ታላቅ እኅታችን፣ እትዬ ብለን የምንጠራቸው፣ ከእኛ በ18 ዓመት ይበልጣሉ። እናታችን ገና ሕፃን ሳለን ስላረፉ ያሳደጉን እርሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው የመምህርነት ደመወዛቸው ነጠላ ገዝተው አለበሱንና እጃችንን ይዘው ከየኔታ ዘንድ ወሰዱን። ፊደሉን ለይተን፣ ንባቡን ወጥተን፣ ዳዊት ከደገምን በኋላም የዘመኑን ትምህርት እንድንማር በሚስዮን ትምህርት ቤት ያስገቡን እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ ዛሬ የምንጽፍበት እጅ ብዕር መያዝን የተማረው በእርሳቸው ድካም ነው። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ጥፋታችን እንዲከብድብን እንጂ እንዲቀልልን አይደለም።

እትዬ 38 ዓመት በመምህርነት አገልግለው ከአራት ዓመት በፊት ጡረታ ወጡ። ቤታቸው በአስኮ፣ ከከተማ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ ነው፤ የእኛም ቤት ከእርሳቸው አጥር ጋር ይዋሰናል። ጡረታ በወጡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጧት ጧት እንደ ልማዳቸው ለብሰው ቦርሳቸውን ይዘው እስከ በር ይሔዱና፣ ቆም ብለው ይመለሱ ነበር። እኛም አይተን እንዳላየን እናልፍ ነበር።

ከዚያም አንድ ቀን፣ ከብርጭቆ ፋብሪካው ሠፈር እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት ጎረቤት አንድ ወረቀት ይዘው መጡና፣ «መነጽሬ ቤት ስለ ቀረ ያንብቡልኝ» አሏቸው። እትዬ ሴትዮዋ መነጽር እንደሌላቸው ያውቃሉ። ነገር ግን ለ38 ዓመት ያላነበበ ልጅ ደብተሬን ረሳሁ ሲል የሰሙ መምህርት ስለ ሆኑ፣ ያን ቃል ከየት እንደሚመጣ ዐወቁት። ወረቀቱን አንብበው ሲያበቁ ሌላ አንዳች አልጠየቁም። «ረቡዕ ከቀትር በኋላ ቡና አፈላለሁ፤ ይምጡ» ብለው ብቻ ሸኟቸው።

ሴትዮዋ በረቡዕ መጡ፤ በሚቀጥለው ረቡዕ ሌላ ጎረቤት አስከትለው መጡ፤ ዓመት ሳይሞላ 19 ሴቶች ሆኑ። ከእነርሱ መካከል ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ የሚመላለሱ አሉ፤ በወንጌላውያን ጸሎት ቤት የሚዘምሩም አሉ። የእትዬ ደንብ ሁለት ነበር፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ልዩነት በዚያ ቤት ክርክር አይነሣም፤ ማንም ሴት ማንበብ ባለመቻልዋ አይሣቅባትም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አናጢ በሠራላቸው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ፊደል ያስቆጥራሉ፤ ከዚያ በኋላ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ታሪክ ይነበባል፤ በመጨረሻ ቡናው ሲቀርብ ጥያቄ ይጠየቃል። ጥያቄያቸውም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ «በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራ ሠርታ ስሟ ያልተጻፈ ሴት ማን ናት?» ይሉ ነበር።

እኛም አልፎ አልፎ በር አጠገብ ተቀምጠን እንሰማ ነበር። በሁለተኛው የነገሥት መጽሐፍ ምዕራፍ 5 ስለ ንዕማን ሲነበብ፣ የሶርያው ሹም የዳነው በቤቱ በምታገለግል በአንዲት ምርኮኛ ልጅ ቃል መሆኑን ሴቶቹ ራሳቸው ፈልገው አገኙ። ስለ ሰራፕታዋ መበለት ሲነበብ፣ ኤልያስን በረኃብ ዘመን የመገበችው ሴት ስም አለመኖሩን አዩ። የኖኅ ሚስት ነገር በተነሣ ጊዜ ግን እኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርታችን ኩራት ተሰምቶን፣ «በኦሪት ዘፍጥረት አልተጻፈም እንጂ በመጽሐፈ ኩፋሌ እምዛራ ተብሎ ተጽፏል» አልን። እትዬ በጣም ተደሰቱና ስሙን በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፉት። «እንግዲህ አያችሁ፤ አንዱ መጽሐፍ የተወውን ሌላው ሊያስታውስ ይችላል» አሉ።

እትዬ ለእያንዳንዱ ረቡዕ የሚያስተምሩትን አስቀድመው በደብተር ይጽፉ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ 11 ደብተር ሞላ። ሴቶቹም ትምህርቱ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ በእጃቸው እንዲገባ ለመኗቸው። እትዬ 12 ትምህርት መርጠው ደብተሮቹን በእኛ እጅ አኖሩና፣ «አንተ የጽሕፈት ሰው ነህ፤ በኮምፒዩተር ገልብጥልኝ» አሉን።

እነሆ ጥፋታችን ከዚህ ይጀምራል። ከሥራ ስንመለስ ማታ ማታ እየተቀመጥን አምስት ወር ያህል ጻፍን። በመጀመሪያ ቃላቸውን እንደ ነበረ ገለበጥን። ቀጥሎ ግን የእትዬ አማርኛ እጅግ ቀላል መስሎ ታየንና ልናከብረው ጀመርን። ስለ ንዕማን ቤት ምርኮኛ ሲጽፉ፣ «ልጅቷ ከቤቷ ተወሰደች፤ ልቧ ግን አልተወሰደም» ብለው ነበር። እኛ ይህን ሰርዘን፣ «ወለተ እስራኤል በሥጋ ብትማረክም መንፈሰ ጽንዓቷ አልተማረከም» ብለን ጻፍን። እንዲህ እያልን ገጹን ሁሉ በግእዝ ቃል ስናስጌጥ ሰነበትን። ያስጌጡት ነገር ደግሞ ውሎ አድሮ የራስ መስሎ ይታያል። በችሎት የምስክርን ቃል ስንጽፍ ያልጎበኘን ይህ ስሜት፣ በገዛ ጠረጴዛችን ላይ ቀስ ብሎ ያዘን።

ጽሑፉን ወደ ማተሚያ ቤት በወሰድን ቀን ሠራተኛው ቅጹን ሲሞላ፣ «የደራሲው ስም ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀን። ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከዚያም የራሳችንን ስም ተናገርን። በመንገድ ላይ ስንመለስ ለራሳችን የሰጠነው ምክንያት ብዙ ነበር። ሕዝብ ከማያውቃት ሴት ይልቅ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ወንድ የጻፈውን ያምናል አልን፤ እትዬ ትሑት ስለ ሆኑ ስማቸው እንዲወጣ አይፈልጉም አልን፤ ደግሞስ ሌሊቱን ያመሸነው እኛ አይደለንምን አልን። በ20 ዓመት ሥራችን ተከሳሽ የሚያቀርበውን የመከላከያ ቃል ስንጽፍ ስለ ኖርን፣ ምክንያት መደርደር አልተቸገርንም።

ለእርማት የወጣው ቅጂ የመጣው በረቡዕ ቀን ነበር። ለእትዬ ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሽፋኑን አዩ፤ ገለጥ አድርገው ሁለት ገጽ አነበቡ፤ «ወረቀቱ ጥሩ ነው» ብለው በመደርደሪያ ላይ አኖሩት። ሴቶቹ ከመጡ በኋላ፣ ለዚያ ቀን ያዘጋጁትን ትምህርት ትተው ወደ ሮሜ ሰዎች የተጻፈውን መልእክት ምዕራፍ 16 እንዲነበብ አዘዙ። በምዕራፉ መጀመሪያ ፌቤን የምትባል ሴት ትገኛለች፤ ከዚያም ብዙ ስም ይከተላል። ንባቡ ቁጥር 22 ሲደርስ እትዬ አስቆሙና፣ በልጅነታችን ሲጠይቁን እንደ ነበረ ወደ እኛ ዘወር ብለው ጠየቁን።

«ወንድሜ፣ ጤርጥዮስ ማን ነበር?»

«መልእክቱን በእጁ የጻፈ ነው» አልን።

«መልእክቱስ የማን ይባላል?»

«የጳውሎስ» አልን።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስኒውን አንሥተው ቡናውን በእጃቸው አቀበሉን። ከሴቶቹ መካከል የነገሩን ምሥጢር ያወቀ አልነበረም። እኛ ግን ያን ቡና እንዴት አድርገን እንደ ጠጣነው ዛሬ አናስታውስም።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ስላጣን ተነሥተን ደብተሮቹን እንደ ገና ማገላበጥ ጀመርን። 12ኛው ትምህርት ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ አልነበረም፤ ስለ አስቴር ጋኖ የተጻፈ ነበር። ይህን ትምህርት አስቀድመን በገዛ እጃችን ገልብጠነው ነበር፤ ነገር ግን እጃችን ጻፈው እንጂ ጆሮአችን አልሰማውም ነበር። አሁን ዝግ ብለን አነበብነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ስለ ኦኔሲሞስ ነሲብ ብዙ ተምረናል፤ የአስቴርን ስም ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጫፍ ላይ ብቻ የሰማን ይመስለናል። ስለዚህ ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ማቅረብ ይገባናል። የሚከተሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቴር ጋኖ በ1872 ገደማ ነፃ ሰው ሆነው ተወለዱ፤ በኋላ ግን በሊሙ እናርያ በባርነት ተያዙ። ባሮችን ወደ ዐረብ አገር ሊያሻግር የነበረን ጀልባ በ1886 የኢጣልያ መርከብ በባሕር ላይ ያዘውና አስቴር ከሌሎቹ ጋር ነፃ ወጡ። በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤትም ገቡ። በዚያ ቦታ፣ እርሳቸውም በልጅነታቸው ከባርነት የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉሙ ነበር። ኦኔሲሞስ ከትንሽነታቸው ከአገራቸው ስለ ተለዩ የቋንቋውን ልዩ ልዩ ቃል የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። አስቴርም የማስተዋል ስጦታና የቋንቋ ጥልቅ ስሜት እንዳላቸው ተመልክተው፣ የኦሮምኛን ቃላት የመሰብሰብና መዝገበ ቃላት የማዘጋጀት ሥራ ሰጧቸው። ይህም የቃላት ስብስብ በ1893 ለታተመው አዲስ ኪዳን ማቃኛ ሆነ።

የአስቴር ድካም በዚህ አላበቃም። አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከቃል ወደ ጽሑፍ አመጡ፤ ከዚህም ብዙው በ1894 በታተመው የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። መዝሙሮችንም ከኦኔሲሞስ ጋር በአንድነት አዘጋጁ። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር፣ በባዝል ከተማ አጠገብ በቅድስት ክሪሾና፣ በግእዝ ፊደል ታተመ። በ1904 አስቴር ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ወገኖቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመልሰው የመምህርነትን ሥራ ያዙ። ያረፉትም በ1964 ነው። የእትዬ ቤት የሚገኝበት የአስኮ ጎዳና ቡራዩን፣ አምቦን አልፎ ነቀምቴ የሚደርሰው ያው የምዕራብ መንገድ ነው።

እንግዲህ የመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም ክብር ለብዙ ዘመን የተሰጠው ለኦኔሲሞስ ብቻ ነበር። ኦኔሲሞስ ታላቅ ሠራተኛ ስለ ነበሩ ክብራቸው ይገባቸዋል፤ እርሳቸውን ለመውቀስ አንጽፍም። የምንለው፣ አንዲት መምህርት ቃል በቃል የለቀመችው ሥራ፣ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ሽፋኑ ብቻ ሲመለከት እንዴት እንደሚደበቅ ነው። እትዬም በደብተራቸው ግርጌ ላይ፣ «የንዕማን አገልጋይ ስሟ ጠፋ፤ የአስቴር ስም ግን ስለ ተገኘ እንጠንቀቅለት» ብለው ጽፈው ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር በግልበጣችን ውስጥ ፈለግነው። አልነበረም። ሽፋኑ ላይ ስማችንን ሳናኖር በፊት፣ ይህን ቃል «ከዝግጅቱ ጋር አይስማማም» ብለን ያወጣነው እኛው ነበርን።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርታችንም ይህን የምንማርበት ምሳሌ አጥተን አይደለም። በጣና አካባቢ ሴቶችንና ወንዶችን በምንኩስና ሕይወት የመሩት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1642 ካረፉ በኋላ፣ ገድላቸውን በ1672 የጻፈው ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ የገላውዴዎስ ገድል አልተባለም፤ ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ተባለ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ የእቴጌ መነንን ትምህርት ቤት የመሩት፣ በ1957ም በሕዝብ ተመርጠው ወደ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ድርሰታቸውን በገዛ ስማቸው አሳትመዋል። መምህርት የጻፈችው መጽሐፍ በስሟ ቢወጣ አንባቢ አያገኝም ያልነው ቃላችን ከእውነት የራቀ መሆኑን፣ የራሳችን አገር ታሪክ ይመሰክርብናል።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀን ወደ ማተሚያ ቤቱ ሔድን። ኅትመቱ ገና አልተጀመረም ነበር። ሠራተኛው የስሙን ለውጥ ሲመለከት፣ «ስሕተቱ የእኛ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። «አይደለም፤ የእኔ ነው» አልነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እኔ» የሚለውን ቃል የተናገርነው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። እንደ ገና ለማዘጋጀት የተጠየቀውን ገንዘብም ከራሳችን ከፈልን።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእትዬ ጋር ተቀምጠን ገጹን ሁሉ አረምን። በችሎት እንደምናደርገው አድርገን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አነበብንላቸው፤ «ቃሌ ነው» ያሉትን አስቀረን፤ «ቃሌ አይደለም» ያሉትን ሰረዝን። ስለ ምርኮኛዋ ልጅ የጻፍነውን ስናነብ ሣቁና፣ «ወለተ እስራኤል ብሎ ነገር ለእንጀራ ሻጭዋ ጎረቤቴ እንዴት አድርጌ ላስረዳት? ልጅቷ በልና ተወው» አሉን። ሁሉ ተፈጽሞ የሚፈርሙበት ሲደርስ፣ እኛ ስማችን ፈጽሞ እንዲወጣ ለመንናቸው። እትዬ ግን እምቢ አሉ። «ጤርጥዮስም እኮ ስሙ ተጽፎለታል፤ በቦታው ነው እንጂ» አሉ። ስለዚህ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ጽሑፉን በኮምፒዩተር የገለበጠው ወንድማቸው መሆኑ በትንሽ ፊደል ታትሟል። በሕይወታችን ከተጻፈልን ሁሉ የምንወደው መስመር እርሱ ነው።

መጽሐፉ ታትሞ በመጣበት ረቡዕ፣ ያች «መነጽሬ ቤት ቀረ» ያሉት ጎረቤት አንዱን ቅጂ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ወዲያው አልገለጡትም። ጣታቸውን በሽፋኑ ላይ አኑረው የደራሲዋን ስም ፊደል በፊደል ቆጠሩት፤ ከመካከል አንዱን ፊደል ስተው ተመለሱ፤ ከዚያም ገጥመው አነበቡት። ቀና ብለው እትዬን ተመለከቱና፣ «እርስዎ ነዎት!» አሉ። የእኛ ስም በዚያ ስፍራ ቢገኝ ኖሮ ያች ሴት ምን ታነብ እንደ ነበር ስናስብ፣ ዛሬም ያሳፍረናል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በየቤታችን የእናት፣ የእኅት፣ የሚስት ደብተር አለ። አንዳንዱ የጸሎት ነው፤ አንዳንዱ የመድኃኒትና የወጥ አሠራር ነው፤ አንዳንዱ የትምህርት ነው። ደብተሩን የሚገለብጥ፣ የሚያሳትም፣ በስብሰባ ላይ የሚያነብ ወንድ ወይም ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ይህም መልካም አገልግሎት ነው። ነገር ግን ከመፈረሙ በፊት የፍርድ ቤቱን ደንብ ያስታውስ፤ ቃሉን ለባለቤቲቱ ያንብብላት፤ በስፍራዋም እርስዋ ትፈርም።

በዚህ ጽሑፍ የእትዬን ስም ያልጠቀስነው ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ጠይቀናቸው ነበር። «በጋዜጣው የሚወጣው ያንተ ጥፋት ነው፤ በእርሱ ላይ የእኔ ስም ምን ይሠራል? የእኔ ስም በሥራዬ ላይ ይበቃኛል» ብለው ከልክለውናል። እኛም ቃላቸውን እንደ ተናገሩት ጽፈን፣ አንብበንላቸው፣ ቃሌ ነው ብለውናል።